የሽዬ ስንት ትመዝናለች?

አንድ ቤት ስንት ይመዝናል?

ትርሲት ይርዳው ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማችው ለትምህርት በሄደችባት ቺሊ ውስጥ፣ ቫልፓራይሶ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ በመስኮት ቁልቁል በሚታይበት ክፍል ተቀምጣ ነበር። ያኔ ቀላል መስሏታል። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ምሰሶውን ደምሪ፤ ሰዉንና እቃውን ጨምሪ፤ አለቀ። ዛሬ አዳማ ላይ፣ ተወልዳ ባደገችበት ሕንጻ ደጃፍ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስትቆም ግን መልሱ አልመጣላትም።

ወደ ሕንጻው የሚገባውን ሁሉ የሚመዝነው የደጃፉ ሚዛን እግሯ እንዳረፈበት በራ።

«እንግዳ ነሽ። የማን?» አለ።

«የአራተኛ ፎቅ። የአቶ ይርዳው ልጅ ነኝ።»

ሚዛኑ መዝገቡን አየና «አቶ ይርዳው ዛሬ እንግዳ መቀበል ይችላሉ። ግቢ» አላት።

ልትገባ ስትል መሬቷ ተንቀጠቀጠች። ትንሿ ዓይነት ነች፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ የምታጋጭ። ታች ካሉት ሱቆች በአንዱ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ አንስቶ በአየር ላይ ያዘው፤ ሲያልፍ መልሶ አሳረፈው። ማንም አልሮጠም። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣና የየራሱን ሕንጻ ጠየቀ። ትርሲትም ጠየቀች።

«የሽዬ፣ ደህና ነሽ?»

መልሱ ከየኪሱና ከየመስኮቱ ባንድ ጊዜ ተሰማ። ረጋ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ የሴት ድምጽ ነው።

«አለሁ ልጆቼ። ቆሜአለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠረገ። ትርሲት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። ድምጹ የእናቷ ነበር።

የስምጥ ሸለቆው ምድር ዕረፍት ካጣ ወዲህ እያንዳንዱ ሕንጻ ድምጽ አለው። ነዋሪዎቹ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ሁለት ነገር ይቀዳል። አንዱ ሕንጻው ደህና ሲሆን የሚባለው ነው፤ ሌላው ደግሞ ደህና ሳይሆን ሲቀር። ለዚህ ሕንጻ የተመረጡት የትርሲት እናት እትዬ የሺመቤት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመናኸሪያው ድምጽ ማጉያ የአውቶቡስ መነሻ ሲጠሩ የኖሩ ሴት ስለነበሩ ማንም አልተከራከረም። የመጀመሪያውን ቅጂ ከተማው በቃሉ ያውቀዋል። ሁለተኛውን የሰማ የለም። በተቀዳበት ቀን ባላቸውን እንኳ ከክፍሉ አስወጥተዋቸው ነበር።

ከዚያ ትርሲት ቺሊ እያለች እትዬ የሺመቤት ሞቱ። ሕንጻው ስማቸውን ወሰደ፤ ሰዉ «የሽዬ» ይላት ጀመር።

ትርሲት አሁን በሕንጻዎች ቢሮ ቅድመ ስሌት ትሠራለች። ከሁለቱ ቅጂዎች የቱ እንደሚሰማ የሚወስነው የቢሮው ማሽን ከእሷ ይልቅ ብዙ ያውቃል፤ ሕጉ ግን መጀመሪያ አንድ ሰው በእግሩ ዞሮ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በእርሳስ ይገምት ይላል። የሕንጻው ክብደት ለምድሪቱ መንቀጥቀጥ በተሰጠው ቁጥር ይባዛል። የሚወጣው፣ መሬት ሕንጻውን ከጎን የምትገፋበት ጉልበት ነው። ከዚያ ጉልበቱ በየፎቁ ይከፋፈላል፤ ከባዱ ብዙ ይደርሰዋል፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከባድ ደግሞ ይብሳል። ይህን በከተማው የሚኖር ማንኛውም ሕፃን ያውቀዋል። ሠርግ ፎቅ ላይ የማይደገሰው፣ ጤፍ በቁና የሚገዛው፣ የውፍረት ነገር ሲነሳ ሰው የሚኮሳተረው ለዚህ ነው።

ምድቡ ሲደርሳት «የአባቴ ቤት ነው፣ ለሌላ ሰው ስጡት» ብላ ነበር። አለቃዋ ቀና ብሎ አያት። «እዚህ ከተማ ውስጥ የማንም አባት ቤት ያልሆነ ሕንጻ ካገኘሽ ንገሪኝ፤ እሱን እሰጥሻለሁ።»

ስሌቱ ካለፈ የሽዬ ትቆያለች። ካላለፈ ሰዉ ይወጣል፣ ሕንጻው ከላይ ወደ ታች ይፈታል፣ ድምጹም አብሮ ይጠፋል። የሕንጻ ድምጽ ወደ ሌላ ቦታ አይገለበጥም። አንድ ጊዜ የተገለበጠ ድምጽ፣ የወደቀ ሕንጻ ስልክ ላይ «ቆሜአለሁ» ብሎ መልሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሕግ ተከልክሏል።

አራተኛ ፎቅ ላይ አባቷ በሩን ከፍተው ይጠብቋት ነበር። አቶ ይርዳው የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም በር ሲከፍቱ ማጠፊያውን ሳይሰሙ አያልፉም።

«ዘይት ይፈልጋል» አሉ፣ እሷን ከመሳማቸው በፊት። «ግቢ ትርሲትዬ። ከሳሽ ደግሞ።»

«አልከሳሁም አባዬ።»

«ከስተሻል እንጂ። ለቤቱ ጥሩ ነው፣ ለአንቺ ግን ጥሩ አይደለም።»

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ፍራሽ፣ ሁለት የላስቲክ ወንበር፣ በገመድ ላይ የተሰቀለ ልብስ። ቡፌው የነበረበት ግድግዳ ላይ የቡፌው ጥላ ቀርቷል፤ ቀለሙ በዙሪያው ሲደበዝዝ እዚያ ጋ ብቻ ሰማያዊነቱ እንዳለ ነው። ትርሲት በልጅነቷ ከዚያ ቡፌ መስታወት ኋላ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች ማንም እንግዳ ሲጠጣባቸው አይታ አታውቅም። መሬት ስትነቃነቅ ብቻ እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ነበር። ቤተሰቡ ርዕደ መሬት መኖሩን የሚያውቀው በእነሱ ነበር።

«ቡፌውን መቼ ነው ያወጣኸው?»

«አንቺ የሄድሽ ዓመት።»

«ለምን? የኪሎ ድርሻችን ይበቃን ነበር እኮ።»

አቶ ይርዳው ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ሚዛኑ ሰው ከወጣ ኪሎውን ለሌላ ይሰጣል። ድንገት ብትመጪ ቦታ የለሽም እንዳይልሽ ብዬ ያንቺን ኪሎ ያዝኩልሽ። እሱን ለመያዝ ቡፌው መውጣት ነበረበት።»

ትርሲት ግድግዳው ላይ የቀረውን ሰማያዊ በእጇ ነካችው። ቺሊ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ስለዚህ ቤት የምታስበው በቡፌው ነበር። ስትመለስ ብዙ ነገር እንደማይጠብቃት ታውቃለች። ባዶ ቦታ ተይዞላት እንደቆየ ግን አላሰበችም። የሚያስደስት ነው ወይስ የሚያሳዝን? ከመጣች ጀምሮ ስለ ብዙ ነገር እንዲህ መወሰን አቅቷታል። የቢሮው ሰዎች «ፈረንጅ» ይሏታል፤ ቫልፓራይሶ ደግሞ «አፍሪካዊቷ» ነበረች።

ፎቅ ለፎቅ ያዞሯት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ትልቅ ሰውዬ ናቸው፣ በሁሉም ነገር። በደረጃው ላይ ሲወጡ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ፀዳለ በር ከፍተው ብቅ አሉ።

«ትርሲት፣ እሳቸውን አስቀድመሽ ጻፊ! እኔን ድንች መለሰብኝ ሚዛኑ፣ እሳቸው እንዲህ ሆነው ያልፋሉ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የእኔ ሥጋ ከሚዛኑ በፊት የነበረ ነው» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ነባር ይዞታ ይባላል።»

«ነባር ይዞታ በየዓመቱ ያድጋል እንዴ?»

ትርሲት ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። በየቤቱ እየገባች ጻፈች፦ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የታጠፈ ልብስ፣ ሰው። ሁሉም ሚዛኑ ካስመዘገበው ጋር ይገጥማል። ሕዝቡ ሕጉን ጠብቆ የኖረ ነው። ደስ እያላት ወጣች። ሰባተኛ ፎቅ ሲደርሱ አንድ የተቆለፈ በር አገኘች።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «የእድሩ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? የለቅሶ እቃ ነው እንጂ።»

ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። በሩ ወደ ውስጥ አልከፈት አለ፤ ጋሽ ቶሎሳ በትከሻቸው ገፉት። ክፍሉ ድሮ ልብስ ማድረቂያ ነበር፤ ሰፊ ነው። አሁን ግን ግድግዳው አይታይም። የድንኳን ብረት እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። የተጠቀለለ ሸራ፣ አግዳሚ በአግዳሚ ላይ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚታጠብባቸው የሚያህሉ የብረት ድስቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው። በየድስቱ ጎን የባለቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ የፖስታ ቤት ጀርባ እድር፣ የመብራት ኃይል እድር፣ የወንዙ ማዶ እድር፣ የወፍጮ ቤቱ እድር።

ትርሲት እነዚያን ሰፈሮች ታውቃቸዋለች። ሕንጻዎቻቸው ከፈረሱ ቆይተዋል።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ይሄ ሁሉ በሚዛኑ እንዴት አለፈ?»

ሰውየው የምትጠይቃቸው ነገር እንግዳ ሆነባቸው። «የኔ ልጅ፣ ያዘነ ሰው ድስት ተሸክሞ ሲመጣ ‹ቆይ ልመዝንህ› ይባላል እንዴ? የለቅሶ ቀን ሚዛኑ ነጠላ ይለብሳል። አንቺ ስትሄጂ ይሄ ልማድ አልነበረም?»

«ለቅሶ ላይ እሺ። ይሄ ግን የፈረሱ ሰፈሮች እቃ ነው።»

«ታዲያ ሰፈር ሲፈርስ ለቅሶ አይደለም?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ሰዉ እያለቀሰ ነው ያመጣው። አደራ አሉን። እምቢ እንበላቸው? ሚዛኑን ሸፈንን፣ አስገባን። በየቤቱ ሲጠየቅ ደግሞ ሰው የራሱን ነው የሚያስመዘግበው፤ ይሄ የማን ነው ብሎ ያስመዝግብ?»

እሷ የምታየው ከባድ ብረት ነው፣ ያለ መዝገብ፣ ከሁሉም ቦታ ክፉው ላይ የተቀመጠ። እሳቸው ደግሞ እዚያው ቆመው የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር፤ አንዱን ድስት በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ የእናትሽ ለቅሶ ላይ ነበር» አሉ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በእርሳስ ሠራችው። ክብደቱን በምድሪቱ ቁጥር አባዛች፤ ለየፎቁ አካፈለች። በመዝገብ ከሁሉም የቀለለችው ሰባተኛዋ ፎቅ ከሁሉም የበለጠውን ጉልበት ወሰደች። ያ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ የሚያርፈው ግድግዳ በሌላቸው የሱቆቹ ምሰሶዎች ላይ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በሰቀለበት ላይ። ደግማ ሠራችው። ቁጥሩ አልተለወጠም።

አባቷ ቤት ሆና ስትነግራቸው ጋሽ ቶሎሳ ወዲያው ብድግ አሉ።

«ይሄማ ቀላል ነው! ዛሬውኑ እናወርደዋለን። አንቺ ባዶ ክፍል ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ውሸትም አይሆንም።»

«ማውረዱን አውርዱት» አለች ትርሲት። «ግን የሽዬ ይህን ብረት ተሸክማ ስንት ጊዜ ተንቀጠቀጠች? ማሽኑ ምሰሶዎቹ ምን ያህል እንደደከሙ የሚያውቀው በክብደቱ ነው። ቀላል ናት ብለን ስለነገርነው ያን ሁሉ ጊዜ አልደከመችም ብሎ ነው የቆጠረው። እውነቱን ካስገባሁ ያለፈውንም እንደገና ያሰላዋል።»

«ካላስገባሽስ?»

«ታልፋለች።»

እትዬ ፀዳለ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ ያየ የለም።

«ቁጥር ሊሳሳት አይችልም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይችላል» አለች ትርሲት። ይህን ለራሷ ደረጃው ላይ ደጋግማ ብላዋለች። ግምት ነው። ቅድመ ስሌት የሚባለውም ለዚህ ነው። ቫልፓራይሶ ውስጥ በቁጥር መውደቅ የነበረባቸው፣ እስከ ዛሬ ልብስ የሚሰጣባቸው ሕንጻዎች አይታለች። እነዚህን ሰዎች አንድ እንግዳ እርሳስ ይዛ መጥታ ከቤታቸው ታስወጣቸው? እናቷንስ? እስከ ዛሬ ከእናቷ የቀራት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱንም በእጇ ልታጠፋው ነው።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አቶ ይርዳው ቡፌው የነበረበትን ግድግዳ ያያሉ።

«እኔ መሬት ሳትነቃነቅም እጠይቃታለሁ» አሉ። «አንዳንዴ ምሳ ስበላ። ‹ደህና ነሽ?› እላታለሁ። ትመልስልኛለች።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «እናትሽ መናኸሪያ ስትሠራ ሾፌሮቹ ይለምኗት ነበር። የሞላ አውቶቡስ ‹ቦታ አለ› ብላ እንድትጠራላቸው። አንድም ቀን አልጠራችም። ስንቱ ተጣላት። ‹ሰው ድምጼን አምኖ ነው እቃውን ይዞ የሚመጣው› ትል ነበር።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አሁን ግን እያስዋሸናት ነው። ባለማወቅ ነው፣ ግን አስዋሸናት። አስገቢው ልጄ።»

ትርሲት አስገባችው። ስልኳ «ተመዝግቧል፤ ያለፈው እንደገና በመሰላት ላይ ነው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ነዋሪው ሁሉ እቃውን ለማውረድ ወጣ። ቢያንስ ይህን እናድርግላት አሉ። ወንዶቹ ብረቱን በትከሻ፣ ሴቶቹ አግዳሚውን ለሁለት ለሁለት ይዘው በደረጃው ይወርዳሉ። ሚዛኑ ነጠላ ለብሷል፤ እትዬ ፀዳለ ናቸው ያለበሱት፣ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሬሳ የሌለው ቀብር ይመስል ነበር። ትርሲት ጫማቸውን ቤት ትተው ከወጡት አባቷ ጋር አንድ ድስት ይዛ አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሳለች መሬቷ ተነቃነቀች።

ከጠዋቷ ትበልጣለች፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ሰዉ ባለበት ቆመ። እንደ ልማዱ ስልክ ወጣ።

«የሽዬ፣ ደህና ነሽ?»

ከወትሮው ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ድምጹ መጣ፤ ያው ድምጽ፣ ግን ማንም ሰምቶት በማያውቀው ቃል። እትዬ የሺመቤት መናኸሪያ ውስጥ ሲጠሩ እንደነበረው ከፍ ብሎና ተዘርግቶ።

«ተሳፋሪዎቼ፣ መነሻ ደርሷል። ሁላችሁም ውጡ። እቃ አይያዝም። ፀዳለ፣ ምድጃውን ተዪው። ቶሎሳ፣ አንተ ከሁሉ በፊት ውረድ፣ ደረጃውን እንዳትዘጋ። ይርዳው፣ ጫማህን አትፈልግ፣ በባዶ እግርህ ውጣ። ትርሲቴ ሩቅ ናት፤ እሷን አትጠብቁ። ውጡ ልጆቼ።»

አቶ ይርዳው ወደ በራቸው ዞረው ነበር፣ ወደ ጫማቸው። ባሉበት ቀሩ። ትርሲት ድስቱን ለቀቀችው፤ በደረጃው እየተንከባለለ ሲወርድ እንደ ደወል ይጮሃል። የአባቷን እጅ ያዘች። «አባዬ፣ ሰምተሃታል አይደል» አለች። ጋሽ ቶሎሳ ከፊታቸው ይወርዳሉ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አይለይም፣ «ሞተሽም ትሰድቢኛለሽ፣ የሺ!» እያሉ።

ሁሉም መንገዱ ላይ ደረሱ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱ እንደተላጨ ይዞት ወጣ።

ቀጣይዋ መንቀጥቀጥ የመጣችው ሰዉ እርስ በርስ ስም እየተጠራራ ሳለ ነው። ትልቋ እሷ ነበረች። ሱቆቹ ያሉበት ፎቅ ጎንበስ አለና ጠፋ፤ ከላይ ያሉት ፎቆች ሳይበታተኑ፣ መስኮቶቻቸው እንደተከፈቱ፣ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። የደከመው ሰው ወንበር አግኝቶ ቁጭ እንደሚለው። አቧራው ሲበርድ የተሰጣ ልብስ ገመዱ ላይ ይወዛወዝ ነበር።

አቶ ይርዳው በባዶ እግራቸው ቆመው አዩ። «አደረሰችን» አሉ።

የሽዬን ከላይ ወደ ታች ሲፈቷት ክረምቱ ገባ። ነዋሪው ከተማው ዳር በተሠሩት፣ ንፋስ በሚያንኳኳቸው፣ ፎቅ የሌላቸው ቀላል ቤቶች ሰፈረ። እዚያ ሚዛን የለም። አቶ ይርዳው ከየት እንዳመጡት ባይታወቅም ቡፌ አስገቡ፤ ውስጡ ብርጭቆ ደርድረውበታል። የእድሮቹ ድስት ውጭ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዝናብ ይመታዋል። ጋሽ ቶሎሳ በሄዱበት ሁሉ ስለ ደረጃው ስድብ ያወራሉ፤ በተወራ ቁጥር ይረዝማል።

አንድ ቀን ትርሲት ለሥራ ስትሄድ በዚያው መንገድ አለፈች። ቦታው ታጥሯል፤ ውስጡ ጠጠርና አንድ የተረሳ የመስታወት ፍሬም ብቻ አለ። ፀጉር አስተካካዩ አጥሩ ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ሥራውን ቀጥሏል። ሰላምታ ሰጠችው፤ ምላጩን ብድግ አድርጎ መለሰላት።

መሬቷ ተንቀጠቀጠች፣ ትንሿ ዓይነት። ምላጩ በአየር ላይ ቆመ። መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ትርሲትም እጇ ሳታስበው ኪሷ ገባ፤ የየሽዬ ቁጥር እስከ አሁን እዚያው ነው።

«እማዬ፣ መጥቻለሁ» አለች። «ደህና ነሽ?»

በዙሪያዋ ከየኪሱ ድምጾች ይመልሱ ጀመር፤ የሽማግሌ፣ የልጃገረድ፣ የቄስ፣ የሚያስነጥስ ሰውዬ። «አለሁ»፣ «ቆሜአለሁ»፣ «አይዟችሁ» ይላሉ። ምላጩ ወደ አንገቱ ተመለሰ፤ ሰዉም መንገዱን ቀጠለ። ትርሲት አጥሩ አጠገብ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች።